የቦርከና ፍሳሽ፦ የበጋና የክረምት መለኪያ ቢለያይ ማን ያተርፋል?

ቦርከና_ማዶ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ጀመዓ። ስለ ኮምቦልቻ ፍሳሽ ማጣሪያዎች ሲወራ አንድ ሐሳብ ተደጋግሞ ይነሳል። «ክረምት ቦርከና ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሲወርድ ማጣሪያው እንደ በጋው ለምን ይለፋል? መለኪያው በወቅት ይከፈል፤ መብራቱም ኬሚካሉም ይቆጠብ» የሚል ነው። ከባዶ የመጣ ሐሳብ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጣቢያ የአሞኒያ ጣሪያ የሚሰጠው በወቅት ተለይቶ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ የከተማ ፍሳሽ መመሪያም ናይትሮጅንን በሚመለከት የገንዳው ሙቀት ከ12 ዲግሪ በታች ለሚወርድበት ጊዜ የተለየ አያያዝ አለው።

ግን የእነሱ ስሌት እኛ ጋ ሲደርስ ይገለበጣል። እዚያ ወንዙ የሚሳሳው በሙቀቱ ወራት ነው፤ ባክቴሪያው የሚደክመው በብርዱ ነው። ስለዚህ ላላ ያለው መለኪያ የብርድ መለኪያ ነው። ኮምቦልቻ ላይ የፍሳሹ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። የሚለዋወጠው ወንዙ ነው።

ለመነሻ የሚሆን የምሳሌ ሒሳብ ላስቀምጥ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ እንጂ የተለኩ አይደሉም። ማጣሪያው በቀን 3,000 ሜትር ኩብ ያወጣል እንበል፤ ይህ በሰከንድ 35 ሊትር ገደማ ነው። በጋ ወንዙ በሰከንድ 200 ሊትር፣ ክረምት 10,000 ሊትር ይዞ ይወርዳል። ከማጣሪያው በላይ ያለው ወንዝ ቢኦዲ (ባክቴሪያ ቆሻሻውን ሲበላ የሚፈጀው ኦክስጅን) 4 ሚሊግራም በሊትር ነው፤ የሚለቀቀው ፍሳሽ 50 ነው። በጋ ድብልቁ (200×4 + 35×50) ÷ 235 ይሆናል፤ ወደ 11 ይጠጋል። ክረምት ግን 4.2 ነው። እንዲያውም ክረምት 150 ብንለቅ ድብልቁ 4.5 ገደማ ነው። በጋ ድብልቁን 8 ላይ ለመያዝ ደግሞ የሚለቀቀው ከ31 መብለጥ የለበትም። ወረቀቱ ላይ «በጋ 30፣ ክረምት 150» የሚያዋጣ ይመስላል። ጥያቄዬ በእርግጥ ስንት ይተርፋል፣ ለየትኛው በካይስ ይሠራል የሚል ነው።

ሒሳብ_ሹም

ድብልቁ ትክክል ነው፤ ገንዘቡ ግን እዚያ የለም። ማጣሪያ የሚሠራው ለከባዱ ወቅት ነው። ገንዳው፣ ማጥለያው (ዝቃጩ ከውሃው የሚለይበት)፣ ብሎወሩ (አየር የሚነፋው ማሽን)፣ ሲቪል ሥራው ሁሉ የሚለካው በበጋው 30 ነው። ክረምት ላይ መለኪያው ቢላላ የተገዛ ብሎወር ተመልሶ አይሸጥም።

በምሳሌ እንየው። 100 ሚሊዮን ብር የወጣበት ጣቢያ በ10 በመቶ ወለድ በ20 ዓመት ሲከፋፈል በዓመት 11.75 ሚሊዮን ይመጣል። መብራትና ኬሚካል 5 ሚሊዮን፣ ደመወዝና ጥገና 3 ሚሊዮን እንበል። ጠቅላላው 19.75 ነው። ክረምት ሦስት ወር ተኩል ቢሆን የዚያ ጊዜ መብራትና ኬሚካል 1.46 ሚሊዮን ነው። ከሱ 35 በመቶ ብናተርፍ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ፣ ማለትም ከጠቅላላው ወጪ 2.6 በመቶ። ዜሮ አይደለም፤ ግን ከዚህ ላይ ተጨማሪው የናሙና ወጪና የቁጥጥሩ ውስብስብነት ይቀነሳል።

ወቅታዊ መለኪያ እውነተኛ ገንዘብ የሚያመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ገና ያልተገነባን ማስፋፊያ ሲያስቀር ነው። ሁለተኛው በጋ የሚወጣውን ይዞ ክረምት የሚለቅ ማጠራቀሚያ ሲኖር ነው። ያለማጠራቀሚያ ክረምቱን ማላላት የመብራት ቅናሽ ብቻ ነው።

አንድ የሕግ ነጥብም አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ክልሎች ከፌዴራሉ የጠበቀ መለኪያ እንዲያወጡ ይፈቅዳል፤ የላላ እንዲያወጡ ግን አይፈቅድም። ስለዚህ ክልሉ ብቻውን «ክረምት 150» ሊል አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው በጋውን ማጥበቅ ነው። ክርክሩ «ክረምት ምን እንተው» ከሚለው ይልቅ «በጋ ምን እንጨምር» በሚለው ቢጀመር ይሻላል።

ኤሬተር_2

የመብራቱን ቅናሽ ራሱ 35 በመቶ ማለት ደፋር ግምት ነው።

ሰዎች ክረምት ሲሉ መጀመሪያ የሚያስቡት አሞኒያ ማስወገዱን ማቆም ነው። አንድ ኪሎ የአሞኒያ ናይትሮጅን ለማቃጠል 4.57 ኪሎ ኦክስጅን ይፈልጋል። በቀን 3,000 ሜትር ኩብ፣ በሊትር 30 ሚሊግራም ከተወገደ 90 ኪሎ ናይትሮጅን ነው፤ ኦክስጅኑ 411 ኪሎ። የላይ ኤሬተር (ውሃውን ከላይ እየመታ አየር የሚያስገባ ማሽን) በኛ ከፍታ በኪሎዋት ሰዓት 1.2 ኪሎ ከሰጠ ጥሩ ነው። በቀን ወደ 343 ኪሎዋት ሰዓት፣ በሦስት ወር ተኩል 36,000 ገደማ። በደረሰኛችሁ ታሪፍ አባዙት።

ችግሩ ናይትሪፊኬሽን (ይህ አሞኒያ ማቃጠል) በማብሪያ ማጥፊያ አይቆምም። ፍሳሹ 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ባክቴሪያው ሳትፈልገው ይሠራል። ለማቆም የዝቃጩን ዕድሜ (ባክቴሪያ ያለበት ጭቃ ገንዳው ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ) ከ10 ቀን ወደ 2 ወይም 3 ቀን ማውረድ ያስፈልጋል። ያ ማለት በየቀኑ ብዙ ዝቃጭ ማውጣት ነው። ያ ዝቃጭ የት ይሄዳል? ማድረቂያ መደብ ላይ። በጋ በሁለት ሳምንት ግድም ተሰንጥቆ በአካፋ የሚነሳው ዝቃጭ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭርሱን አይደርቅም፤ ዝናቡ መልሶ ሾርባ ያደርገዋል። ጣሪያ ካልተሠራለት ወይም መጭመቂያ ማሽን ካልተገዛ ክረምት ላይ ዝቃጭ የሚያበዛ ቁጠባ ቁጠባ አይደለም። መስከረም ላይ ደግሞ ናይትሪፋየሮቹን (አሞኒያ የሚያቃጥሉትን ባክቴሪያዎች) እንደገና ለማሳደግ ሳምንታት ይፈጃል፤ ወንዙ ግን ጥቅምት ላይ መሳሳት ይጀምራል። ስለዚህ የዝቃጩን ዕድሜ ማርዘም የሚጀመረው ነሐሴ መጨረሻ ነው፤ ሦስት ወር ተኩል የተባለው ቅናሽ ወደ ሁለት ወር ይወርዳል።

የሚሠራው ቀላሉ መንገድ የገንዳውን የሟሟ ኦክስጅን ከ2 ወደ 1 ሚሊግራም ማውረድ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በ20 ዲግሪ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ወለል 9.1 ሲሆን እዚህ 7.3 አካባቢ ነው። ገንዳው 2 ላይ ሲሆን የሚገፋው ልዩነት 5.3 ነው፤ 1 ላይ 6.3። ያው ኦክስጅን በ16 በመቶ ባነሰ መብራት ይገባል። ብሎወሩ ፍጥነት መቀያየሪያ ከሌለውና ቫልቭ ብቻ ከሆነ ግን ቅናሹ አብዛኛው ቫልቩ ላይ ይቀራል።

አደጋው ክሮች ናቸው። ኦክስጅን ሲያንስ ክር መሰል ባክቴሪያ ይበዛና ዝቃጩ ጥጥ ሆኖ አልቀመጥ ይላል። በየጠዋቱ የአንድ ሊትር ሲሊንደር የ30 ደቂቃ ሙከራ አድርጉ፤ የዝቃጩ መጠን ጠቋሚ (የተቀመጠው መጠን ለዝቃጩ ክብደት ሲካፈል) በግራም 150 ሚሊሊትር ካለፈ ኦክስጅኑን መልሱ። ክረምት የዝናብ ውሃ በማንሆሉ ስለሚገባ ማጥለያው ላይ ግፊት አለ፤ ያልተቀመጠ ዝቃጭ በአንድ ከሰዓት ዶፍ ተጠርጎ ወንዝ ይገባል። በሁለት ወር የቆጠብከውን በሁለት ሰዓት ትጥለዋለህ።

ቃሉ_መስኖ

ሁላችሁም ቢኦዲና አሞኒያ ታወራላችሁ። ሐርቡ ላይ ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬ የሚጎዳው ጨው ነው። ቢኦዲ በጉዞው ይበላል፤ ጨው አይበላም።

የቦርከና_ማዶን ዓይነት የድብልቅ ስሌት በኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ልሥራው፤ ጨው ሲበዛ እሱም ይጨምራል። ወንዙ ከላይ 0.5 ዴሲሲመንስ በሜትር፣ የጨርቃ ጨርቅ ፍሳሽ 5 ይሁን። በበጋው ምሳሌ ድብልቁ 1.17 ይወጣል። የመስኖ ውሃ አፈር ውስጥ ሲጠራቀም የአፈሩ ጨው ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል፤ 1.76። ሽንኩርት 1.2 ላይ መጎዳት ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዴሲሲመንስ 16 በመቶ ምርት ይቀንሳል። ስለዚህ 9 በመቶ ይጠፋል። በሄክታር 200 ኩንታል የሚያመርት 100 ሄክታር ቢኖር 1,800 ኩንታል ነው። ቲማቲም እስከ 2.5 ይችላል፤ ማሽላ 6.8 ድረስ ግድ የለውም። ማሽላው ግን የዝናብ ነው፤ በጋ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርቱ ነው።

የጥቅሙ ወገንም ወቅታዊ መሆኑን አትርሱ። ውሃው በሚያንስበት ወር ነው መስኖው የሚበዛው። ከብቱም እንደዚያው ነው፤ ጨፋ ረግረግ በበጋ ከአፋር በኩል ሳይቀር መንጋ የሚወርድበት ግጦሽ ነው። ወንዙ ሲቀጥን ተጠቃሚው ይበዛል። ድብልቁን ብቻ የሚያይ ስሌት ከጉዳቱ ግማሹን ይዘላል።

ማቅለሚያ_ክፍል

ጨውን በተመለከተ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ፤ ጨው ከሁሉም ፍሳሽ አይመጣም። ሪአክቲቭ ቀለም (ጥጥ የሚቀለምበት ዓይነት) በሊትር ከ40 እስከ 80 ግራም ጨው ይፈልጋል፤ ያ ጨው ያለው በማቅለሚያው ውሃና በመጀመሪያው እጥበት ውስጥ ነው። ማሽኑ ሥር ሁለት ቫልቭ ብታደርጉ ጨዋማውን ከቀሪው መለየት ይቻላል።

ከ3,000 ውስጥ 150 ሜትር ኩብ ብቻ ጨዋማ ነው እንበል፣ በሊትር 50 ግራም። በቀን 7.5 ቶን ጨው ነው። ይህ ለብቻው ቢያዝ የቀረው ፍሳሽ በጋ ወንዙን ብዙም ጨዋማ አያደርገውም። 240 ቀን የሚጠራቀመው 36,000 ሜትር ኩብ ነው፤ በ3 ሜትር ጥልቀት 1.2 ሄክታር። በቀን 5 ሚሊሜትር ቢተን 60 ሜትር ኩብ ይቀንሳል፤ መጨረሻ ላይ 21,600 ይቀራል። ጨው 1,800 ቶን ነው፤ አይተንም። ክረምት በ60 ቀን ቢለቀቅ በሰከንድ 10 ሜትር ኩብ የሚወርድ ወንዝ 52 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያሳልፋል። የሚጨመረው ጨው በሊትር 35 ሚሊግራም ነው፤ የማይሰማ ነው።

ይሄ ነው እውነተኛው ወቅታዊ ኢኮኖሚ። ሌላው አማራጭ ጨውን በሜምብሬን (በጣም ቀጭን ማጣሪያ) እና በማትነኛ ማውጣት ነው፤ የሐዋሳው ኢንዱስትሪ ፓርክ ፈሳሽ የማይለቅ ማጣሪያ አለው። የማትነኛው መብራትና የሜምብሬኑ ቅያሪ ግን በየወሩ ይከፈላል። ኩሬ አንዴ ይቆፈራል።

ኤሬተር_2

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሦስት እርማት አለኝ። ጨዋማ ውሃ እንደ ንጹሕ ውሃ አይተንም፤ እየጠነከረ ሲሄድ ትነቱ ይቀንሳል። የበልግ ዝናብም 200 ሚሊሜትር ቢጥል 1.2 ሄክታር ላይ 2,400 ሜትር ኩብ ይመልሳል። ስለዚህ 21,600 አትበሉ፤ 30,000 ብላችሁ ቆፍሩ፤ ከላዩ 60 ሳንቲሜትር ባዶ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ኩሬው ቀለምም አለበት፤ ጨው ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። በባዮሎጂው (ባክቴሪያ ባለበት) ገንዳ ሳያልፍ ወንዝ አይገባም። 1,800 ቶኑን በ60 ቀን ከዕለቱ ፍሳሽ ጋር ብትሰጡት ገንዳው ውስጥ በሊትር ወደ 11 ግራም ጨው ይሆናል። ባክቴሪያው ድንገት ከመጣበት ውሃው ወጥቶ ይኮማተራል፤ ማጥለያው ይደፈርሳል። በ90 ቀን ከሆነ ወደ 8.5 ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት ደግሞ በየሦስት ቀኑ በጥቂቱ ከፍ እያደረጋችሁ ነው።

ሦስተኛ፣ ፋብሪካው የሚጠቀመው ሶዲየም ሰልፌት ከሆነ ከኩሬው ሥር ኦክስጅን ሲያልቅ የእንቁላል ሽታ ያለው ጋዝ ይነሳል። ሽታው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ኮንክሪቱንም ይበላል፣ ጉድጓድ የሚወርድ ሠራተኛንም ይገድላል። ተራ ጨው መጠቀም ወይም ኩሬውን ማናፈስ ነው።

ቃሉ_መስኖ

ኩሬው ሥር የሚነጠፈው ላስቲክስ? ያ ኩሬ ካፈሰሰ የሸለቆው ጉድጓድ ውሃ ይበላሻል። ወንዝ በክረምት ይታጠባል፤ የከርሰ ምድር ውሃ አይታጠብም።

ማቅለሚያ_ክፍል

ልክ ነህ ወንድሜ። 1.5 ሚሊሜትር የኤችዲፒኢ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ላስቲክ፣ ሥሩ በደንብ የተጠቀጠቀ ሸክላ፣ በመሐል የጠጠር ንጣፍና የማፍሰሻ ቱቦ። ቱቦው መጨረሻ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይኖራል፤ በየሳምንቱ አስተላላፊነት ይለካል። ከፍ ካለ ላስቲኩ ተቀዷል ማለት ነው። አብዛኛው ቀዳዳ የሚመጣው ከብየዳው መጋጠሚያ ነው። ከተበየደ በኋላ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በአየር ግፊት ሳይፈተሽ ርክክብ አይደረግ።

ላብ_ወይዘሮ

ክሮሚየም እስካሁን ማንም አላነሳም። ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ጋር ወቅታዊ መለኪያ የሚባል ነገር መቀላቀል የለበትም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በክሮም ሲለፋ ቆዳው የሚወስደው ከ60 እስከ 70 በመቶውን ነው፤ ቀሪው ይፈሳል። ይህ ክሮም ወንዝ ሲገባ ከደለል ጋር ይጣበቃል። ክረምት «ቀጥኗል» የሚባለው ክሮም አልጠፋም፤ ደለሉን ይዞ ይወርድና ውሃው ፍጥነቱን በሚቀንስበት ቦታ ይተኛል። ያ ቦታ ጨፋ ነው። በጋ ደግሞ ከብቱ የሚግጠው እዚያው ላይ ነው። ለዚህ ዓይነቱ በካይ በሊትር ስንት ሳይሆን በዓመት ስንት ኪሎ የሚለው ነው መለኪያው።

ማስወገዱም ውድ አይደለም። የክሮሙን ፍሳሽ ለብቻ መያዝ፣ በማግኒዚየም ኦክሳይድ ፒኤቹን ከ8 እስከ 9 ማድረስ፣ እንዲዘቅጥ መተው፣ ዝቃጩን በሰልፈሪክ አሲድ መልሶ አሟሙቶ ቆዳው ወደሚለፋበት ከበሮ መመለስ። የክሮም ጨው ግዢ ስለሚቀንስ ከወጪው ከፊሉን ይመልሳል። በኖራ ከሆነ ይዘቅጣል፤ ዝቃጩ ግን ብዙና የማይመለስ ይሆናል።

ሌላ ትንሽ ነገር፤ ስለ አሞኒያ መርዛማነት። በ20 ዲግሪና በፒኤች 8 ከአሞኒያው 4 በመቶ ገደማው ብቻ ነው ዓሣ የሚገድለው ዓይነት፤ ፒኤች 8.5 ሲሆን 11 በመቶ ይሆናል። በጋ ወንዙ ላይ አልጌ ሲበዛ ፒኤች የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ናሙና ወስዶ «ደህና ነው» ማለት ከባዱን ሰዓት አለማየት ነው።

ሒሳብ_ሹም

ላብ_ወይዘሮ ያሉትን እቀበላለሁ። ቆሻሻን ለማጥፋትና ለማስቀመጥ የሚወጣው ወጪ አንድ አይደለም። ቢኦዲን ወንዙ በነጻ ያጠፋዋል፤ ክሮምን ግን ለሚቀጥለው ሰው ያስተላልፈዋል።

ክሎሪንስ? አውሮፓም አሜሪካም ሰው በማይዋኝበት ወቅት አንዳንድ ማጣሪያዎች ክሎሪን ወይም ዩቪ (ጀርም የሚገድል ብርሃን) ያጠፋሉ። እኛም መስኖ በሌለበት ክረምት ማቆም አንችልም? በሊትር 5 ሚሊግራም ከሆነ በቀን 15 ኪሎ ክሎሪን፣ 65 በመቶ ክሎሪን ባለው ዱቄት 23 ኪሎ ገደማ ነው። በሦስት ወር ተኩል ከ2.4 ቶን በላይ ይተርፋል።

ላብ_ወይዘሮ

አይሆንም። አተት የሚያሰጋን ክረምት ላይ ነው። ጎርፍ ምንጩንና ጉድጓዱን ሲያጥለቀልቅ ነው ሰው የወንዝ ውሃ የሚቀዳው። ከወንዙ ላይ በኩል ያለችው ደሴም ብዙው ቤት በሴፕቲክ ታንክና በጉድጓድ ሽንት ቤት ነው፤ ጎርፉ ራሱ ንጹሕ አይደለም። ሌላው ጀርም ስለሚመጣ የእኛው ይጨመር ማለት አይቻልም።

ደግሞ አንዱ ማላላት ሌላውን ይነካል። አሞኒያ ካልተወገደ ክሎሪኑ ከሱ ጋር ተያይዞ ክሎራሚን ይሆናል። ክሎራሚን ይገድላል፤ ቀርፋፋ ነው። አሞኒያውን ጨርሶ ነጻ ክሎሪን ለማስቀረት ለአንድ ሚሊግራም አሞኒያ በተግባር 10 ሚሊግራም ክሎሪን ያስፈልጋል። በሊትር 30 አሞኒያ ካለ 300 ነው፤ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ኤሬተሩን ያጠፋ ሰው የመገናኛ ገንዳውን (ውሃው ከክሎሪኑ ጋር የሚቆይበትን) ጊዜ ከ30 ደቂቃ ወደ ሰዓትና ከዚያ በላይ ማርዘም አለበት። ገንዳው ደግሞ አይለጠጥም።

ጅረት_ለኪ

ወቅቱን ማን ይወስናል የሚለውን ሳትመልሱ ወደ ክሎሪን ሄዳችሁ።

በቀን መቁጠሪያ ከሆነ «ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 15» ማለት ይመቻል፤ ለተቆጣጣሪውም ቀላል ነው። ግን ወሎ ሁለት ዝናብ ያለው አገር ነው፤ በልግ አንዳንዱ ዓመት ይመጣል፣ አንዳንዱ ዓመት ይቀራል። ክረምቱም ዘግይቶ ይገባል። ወንዙ ባዶ ሆኖ ቀኑ ስለደረሰ ብቻ ኩሬ ይከፈት ማለት ነው። መወሰን ያለበት በወንዙ ከፍታ ነው። ድልድይ ሥር የተተከለ የከፍታ መለኪያ ሰሌዳ ይበቃል፤ ጠዋትና ማታ ይነበባል። ከተወሰነው ከፍታ በላይ ለአምስት ተከታታይ ቀን ከቆየ ኩሬው ይከፈታል፤ ለሁለት ቀን ከወረደ ይዘጋል። መክፈቻውና መዝጊያው ከፍታ አንድ አይሁን፤ አለዚያ ቫልቩ ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል።

የሰኔ መጨረሻው የመጀመሪያ ጎርፍ ደግሞ አያታላችሁ። ከፍታው ይጨምራል፤ ውሃው ግን የዓመቱ መጥፎ ውሃ ነው። የመንገዱን ዘይት፣ የቦዩን ቆሻሻ፣ ከወንዙ ሥር በጋውን ሙሉ የተኛውን ጥቁር ዝቃጭ አንስቶ ኦክስጅኑን ይበላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ምንም አትልቀቁ። የአምስት ቀኑ ደንብ ይህን ከፊል ይሸፍናል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

ቦርከና_ማዶ

ማጭበርበሩስ? ክረምት ሲባል ቱቦ በሌሊት የሚከፍት አይጠፋም።

ጅረት_ለኪ

ክረምት ብቻ አይደለም፤ በጋም ፍሳሹን በንጹሕ ውሃ አቅጥኖ መለኪያውን የሚያልፍ አለ። በሊትር ብቻ የሚለካ መለኪያ ይህን ይጋብዛል። ስለዚህ መውጫው ላይ ፓርሻል ቦይ (ፍሰት የሚለካበት መሐሉ የጠበበ ቦይ) እና የፍሰት መመዝገቢያ ይኑር፤ መጠን ሲባዛ ክምችት ኪሎ ይሰጣል።

ለቁጥጥር ርካሹ መሣሪያ የአስተላላፊነት መለኪያ ነው። ቢኦዲ አምስት ቀን ይፈጃል፣ ሲኦዲ (ቆሻሻውን በኬሚካል ለማቃጠል የሚፈጀው ኦክስጅን) በ150 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ይበስላል፤ አስተላላፊነት ግን በየ15 ደቂቃው ራሱን ይመዘግባል። ሌሊት ላይ ድንገት ከወጣ ኩሬው ተከፍቷል፤ ድንገት ከወረደ ውሃ ተጨምሯል። ዘንጉ በቅባትና በቀለም ይሸፈናል፤ በየሳምንቱ በቀጭን አሲድ ታጥቦ በ1.413 ዴሲሲመንስ በሜትር መመዘኛ ፈሳሽ ይስተካከል።

ቃሉ_መስኖ

ሰሌዳው ከየትኛው ድልድይ ሥር ይተከል? ወርቃና ለዮሌ ወንዞች ቦርከና ከመግባታቸው በላይ ወይስ በታች?

ጅረት_ለኪ

ከሁሉም ፍሳሽ በላይ አንድ፣ ከመጨረሻው ፍሳሽ በታች አንድ። የላዩ የማቅጠን አቅሙን ይነግርሃል፤ የታቹ አስተላላፊነቱን። የሰሌዳው ንባብ ወደ ፍሰት የሚለወጥበት ሠንጠረዥ ግን ከየክረምቱ በኋላ በፍጥነት መለኪያ ይታደስ። ጎርፍ የወንዙን አልጋ ይቀይራል፤ አምና 40 ሳንቲሜትር ላይ 200 ሊትር የነበረው ዘንድሮ 120 ሊሆን ይችላል። ሠንጠረዡ ሳይታደስ ከቀረ ቫልቩ የሚከፈተው ወንዙ ሳይሞላ ነው።